ተገላገለች ማለት

ሰኞ፣ 3

ዛሬ አንድ የስልሳ አንድ ዓመት ጡረተኛ አስረገዝኩ።

ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ነው ብል ደስ ባለኝ፤ ትእዛዙን የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ። «‹ወር› እና ‹ቀረ› የሚሉ ቃላት በአንድ መስመር ላይ ካገኘህ፣ እርግዝና ሊሆን ይችላልና ምልክት አድርግ» ብዬዋለሁ። የሰውዬው ካርድ ላይ የተጻፈው «የዚህን ወር የደም ግፊት ቀጠሮ ቀረ» ነው። ጾታ መለየቱን ረስቼው ኖሯል። የጠረጴዛ ጎረቤቴ እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

«አባባን እንኳን ደስ ያለዎት የሚላቸው ማን ነው፣ አንቺ ነሽ እኔ?»

ይህን ጎረቤቴን አቶ ይሁን ብዬዋለሁ። ዶክተሩ ምንም ቢለው መልሱ «ይሁን» ነው። ክፉ አይደለም። ጀርባው ላይ ግን አጥንት መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ይህን ደብተር የጀመርኩት ሐሳቤን ለሰው ስናገር ሁሉም «ረጋ በይ» ስለሚሉኝ ነው። ደብተር ረጋ በይ አይልም።

ሥራው ይህ ነው። ከአሥራ አንድ ጤና ጣቢያዎች የተሰበሰቡ ካርዶች ስማቸው ተነቅሎ፣ በቁጥር ተተክቶ ወደ ቢሯችን ይመጣሉ። እኔ ከዚያ ውስጥ የትኛዋ ሴት እንዳረገዘች፣ እርግዝናው መቼ እንደጀመረና በምን እንዳለቀ ለይቶ የሚያወጣ ሕግ ለኮምፒውተሩ እጽፋለሁ። ቀላል ይመስላል። «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን እርጉዝ ነበረች» የሚል ሣጥን ያለበት ካርድ ግን አንድም የለም። ሽንቷ ተመረመረ፤ የደም ማነስ ክኒን ተሰጣት፤ አንድ ጊዜ ሆዷ ተለካ፤ ከዚያ ጠፋች። እርግዝና የሚገጣጠመው ከእንዲህ ያለ ፍርፋሪ ነው።

የዚህ ሁሉ ልፋት ምክንያት ቢጫው ክኒን ነው። ግማሽ ራስን ለሚፈልጥ ራስ ምታት ጤና ጣቢያዎቹ ለዓመታት ሲሰጡት ኖረዋል። ነፍሰ ጡሮችን ይጎዳል ወይስ አይጎዳም? በሚቀጥለው ወር የመድኃኒት ቦርዱ ይወስናል። ዶክተሩ፣ የቢሮው ኃላፊ ማለቴ ነው፣ ባለፈው ሳምንት ሪፖርቱን ልኳል፦ «ጉዳት አልታየም።» የቆመው በእኔ ሕግ ላይ ነው። ስሜ ያለው በመጨረሻው ገጽ፣ ወረቀቱን ከጠረዘው ሰው ስም በታች ነው። ዶክተሩን ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ። እዚህ አልልም።

ረቡዕ፣ 5

ጾታውን አስተካከልኩ። ጡረተኛው ከእርግዝናው ነጻ ወጣ። አሥራ ሰባት ወንዶች ተከትለውታል።

ታላቅ እህቴ እትዬ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ተመልሳ ጫማዋን ሳታወልቅ ተኛች። የፈተና ሰሞን ነው፣ የስልሳ ተማሪ ወረቀት ታርማለች። ባሏ ረጅም መንገድ ነጂ ስለሆነ ይህ ሳምንት የእኔና የእሷ ብቻ ነው። ሻይ አፈላሁላት። ሽታው አስጠላኝ ብላ መለሰችው። ሻይ ደግሞ ምን ሽታ አለው?

ሐሙስ፣ 6

ከምሳ በፊት። በአንድ ጊዜ ሁለት እርግዝና ያላት ሴት አገኘሁ። መንታ አላልኩም። ሁለት እርግዝና።

ወንድ ልጅ ወለደች፣ ሦስት ኪሎ። ከሃያ ስድስት ሳምንት በኋላ ደግሞ ካርዷ «ተገላገለች» ይላል። ሕጌ መውለድን ሲያገኝ አርባ ሳምንት ወደ ኋላ ቆጥሮ የእርግዝናውን መነሻ ያስቀምጣል። በዚህ ሂሳብ ሁለተኛው የተፀነሰው የመጀመሪያው ገና ሆድ ውስጥ እያለ ነው።

አቶ ይሁን፦ «ቸኩላ ይሆናል።»

ከምሳ በኋላ። ሌላ።

መውጫ ሰዓት ላይ። ሠላሳ አንድ ደርሰዋል። ሁሉም ላይ ያው ቃል ነው።

ሰኞ፣ 10

«ወለደች» የሚል ካርድ የሕፃኑን ጾታ፣ ክብደት፣ የክትባት ቀን ይዟል። «ተገላገለች» የሚለው ምንም የለውም። አራት መቶ አሥራ ሁለት ሴቶች ተገላግለዋል፤ ከአንዳቸውም ቤት ለክትባት የመጣ ልጅ የለም። የዶክተሩን በር አንኳኩቼ ገባሁ።

«ሌላ ቦታ ተከትበው ይሆናል» አለ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ።

«አራት መቶ አሥራ ሁለቱም?»

«ሰው ይዛወራል።»

«በአንድ ቃል ተጠራርተው ይዛወራሉ፣ ዶክተር?»

አሁን ቀና አለ። ፈገግ አለ። «አንቺ ልጅ፣ ጎበዝ ነሽ። ትቸኩያለሽ እንጂ።»

ይህችን «እንጂ» አውቃታለሁ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የተመሰገንኩት ምስጋና ሁሉ ጅራቱ ላይ እሷን ያንጠለጥላል። ጎበዝ ናት፣ አንገቷን አትደፋም እንጂ። አዋቂ ናት፣ አፏ ነው እንጂ።

ዓርብ፣ 14

ከአሥራ አንዱ ትልቁ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ፈቃድ አልጠየቅኩም፤ የምሳ ሰዓቴ የራሴ ነው። የእናቶች ክፍል ኃላፊዋ ሲስተር ሠላሳ ዓመት እዚያው ሠርተዋል። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወረቀቱን በክንድ ርቀት ያነባሉ። ቁጥር ብቻ ያለበትን ዝርዝሬን አሳየኋቸው።

«ይቺ ቃል ናት ያስቸገረችሽ?»

«ተገላገለች ማለት ወለደች ማለት አይደለም እንዴ፣ ሲስተር?»

«በሰፈር አዎ። በእኔ ካርድ አይደለም።» በሩን በእግራቸው ገፋ አድርገው ዘጉት። «ስሚኝ የኔ ልጅ። የክትትል ካርዱ ወደ ቤት ይሄዳል። ባል ያየዋል፣ አማት ታስነብበዋለች። ፅንስ የጠፋባትን ሴት ‹ውርጃ› ብዬ ብጽፍባት ቤት ስትገባ ‹ማን አስወረደሽ?› ነው የምትባለው። ቃሉ እንደሁ ወዳ ያደረገችውንና ሳትወድ የመጣባትን አይለይም። ስለዚህ ልጅ ታቅፋ የወጣችውን ‹ወለደች› እላታለሁ። ባዶ እጇን የወጣችውን ‹ተገላገለች›። ከሕመሙ ተገላገለች። ዋሸሁ?»

«አልዋሹም።»

«በየጣቢያው የተበተኑት አዋላጆች የእኔ ተማሪዎች ናቸው። ሁሉንም እንዲሁ ነው ያስተማርኳቸው። ማንም የጤና ሰው አይቶ ይገባዋል።»

«እኛ አልገባንም፣ ሲስተር። እኛ ጋ አራት መቶ አሥራ ሁለት ልጆች ተወልደዋል።»

መነጽራቸውን አወረዱ። «በማን ሆድ?»

መሳቅ አማረኝ። ከዚያ አላማረኝም። ‹ተገላገለች› ማለት ‹ወለደች› ነው ብሎ ለኮምፒውተሩ የነገረው ሰው ዶክተሩ አይደለም። እኔ ነኝ። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ መዝገበ ቃላት እንኳ ሳልገልጥ። ቋንቋዬ ነው ብዬ፣ አውቀዋለሁ ብዬ።

እሑድ፣ 16

እዚያ ጤና ጣቢያ በር ላይ አግዳሚ ወንበር አለ። ዓርብ ሳልፍ አየሁት። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ረቡዕ፣ ዝናብ እየጣለ፣ እትዬን ይዤ ሄጄ እዚያ ተቀምጬ ነበር። «ራሴን አሞኛል፣ ክኒን ላምጣ» ብላ ነው የገባችው። ሦስት ሰዓት ያህል ቆየች። ስትወጣ ፊቷ ነጭ ነበር።

«ምን አሉሽ?» አልኳት።

«ተገላገልኩ» አለች።

እኔ ደግሞ «እሰይ! እኔም እዚህ ተቀምጬ በቅዬ ነበር!» ብዬ ጎትቼ ገበያ ወሰድኳት። ደሞዝ የተቀበልኩበት ሳምንት ነበር። ቡናማ ጫማ ገዛሁላት። ሱቁ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተቀመጠች። ለሻጩ «እህቴ ጫማ መምረጥ ሥራ ይመስላታል» ብዬ ቀለድኩ።

ከወረፋው ነው ያለችው። ከወረፋው ተገላገልኩ ነው ያለችው። ሰው እንዲህ ይላል። እኔም ባንክ ሄጄ ስወጣ እንዲሁ እላለሁ።

ይህን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።

ሰኞ፣ 17

ለናሙና ያልወጣ አንድ ካርድ ከፈትኩ። ለማረጋገጫ ነው።

ረቡዕ፣ 19

ሕጉን አስተካክዬ እንደገና አስኬድኩት። «ተገላገለች» ከልደት ወጥቶ ከጠፋ ፅንስ ጋር ገባ። አርባ ሳምንት ወደ ኋላ መቁጠሩም ቀረ፤ መነሻው ሽንት ከተመረመረበት ቀን ተሰላ። ውጤቱን ሦስት ጊዜ አስኬድኩት። ሦስቴም ያው።

ቢጫውን ክኒን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከወሰዱት መቶ ሴቶች ውስጥ አሥራ ዘጠኙ ፅንሱ ጠፍቶባቸዋል። ካልወሰዱት መቶ ደግሞ አሥሩ። በአሮጌው ሕግ ሁለቱም እኩል ነበሩ። እኩል የነበሩት የጠፉትን «ተወለዱ» ስላልኳቸው ነው። ከዚያም አልፎ፣ ገና ያልተፀነሰበትን ወር «እርግዝና» እያልኩ ክኒኑ የተዋጠበትን ጊዜ ሌላ ቦታ ወስጄ ጥዬዋለሁ።

አንድ ቃል። አንድ ከሰዓት በኋላ።

ራስ ምታቱ ራሱ ሊሆን ይችላል፤ ዕድሜ ሊሆን ይችላል፤ ገና መጣራት አለበት። ይህን አውቃለሁ። ግን «ጉዳት አልታየም» ተብሎ መቀመጥ የለበትም።

ዓርብ፣ 21

«ሪፖርቱ ወጥቷል» አለ ዶክተሩ።

«የወጣ ይመለሳል።»

«የአንዲት ነርስ ወሬ ይዤ ቦርድ ፊት ልቁም?»

«ወሬ አይደለም፣ ካርዱን የጻፉት እሳቸው ናቸው። ደግሞ ወሬውን ይተዉት፣ ቁጥሩን ይዩት። በሃያ ስድስት ሳምንት ሁለት ልጅ የወለዱ ሠላሳ አንድ ሴቶች አሉን።»

«ያንን በግርጌ ማስታወሻ እንጠቅሰዋለን።»

«ሴቶቹን ግርጌ ውስጥ ያስገቧቸዋል?»

ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። «እህቴ፣ በዚህ ሥራ ላይ ስሜት አይግባ።» እህቴ! አቶ ይሁን በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ዶክተሩ ዞር ብሎ «በነበረው እንቀጥላለን፣ አይደል?» አለው።

«ይሁን።»

እሑድ፣ 23

እትዬ መስኮት ክፈቺ አለች፤ የምድጃው ጋዝ ሸተተኝ አለች። ምድጃው ጠፍቷል። ጠዋት ደረቅ ዳቦ ብቻ በላች። ሰማያዊ ቀሚሷን ጎኑን ፈትታ አሰፋችው። «ወፈርኩ መሰለኝ፣ እሾኬ» አለች። እሾኬ የምትለኝ ከልጅነቴ ጀምሮ ነው፤ ስለምወጋ።

አልጋዋ አጠገብ የቢጫው ክኒን ማሸጊያ ቅጠል አለ። ከአሥሩ ፍሬ አራት ቀርቷል።

«ራስሽን ያምሻል?» አልኳት።

«አንቺን ሳይ ብቻ።»

ሳቅኩ። ተነሥቼ ልብስ አጠብኩ። የታጠበውንም አጠብኩት።

ማክሰኞ፣ 25

ያንን ካርድ እንደገና። ለማረጋገጫ።

ሐሙስ፣ 27

ደረጃው ላይ ሰማሁ። ዶክተሩ በስልክ፦ «… የለም፣ የለም፣ ችግሩ ልጅቷ ናት። ስሜታዊ ናት። … እሱን እናጣራለን፣ ማን ምን እንደከፈተ ይመዘገባል።»

ወደ ታች ወርጄ፣ ውኃ ጠጥቼ፣ ወደ ላይ ወጣሁ። አቶ ይሁን መሳቢያውን ከፈተ። አንድ ብስኩት አቀበለኝ።

ሰኞ፣ 1

ወሩ ገባ። የቦርዱ ስብሰባ አሥራ ስምንት ላይ ነው።

አልጋዋ አጠገብ አዲስ ቅጠል። አሥሩም ሙሉ።

ልነግራት ይገባል። ምን ብዬ? ገና ያልተጣራ ነገር ነው፣ ሰው በከንቱ ማስደንገጥ ነው። ደግሞ «አንቺ ከእኔ ጋር ምን አገናኘሽው?» ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ ምን አገናኘው? ፈተና ያረመ ሰው ይደክመዋል። ዳቦ የወደደ ሰው ዳቦ ይበላል። እኔ በዚህ ሥራ ላይ ቆይቼ ዓይኔ ተበላሽቷል፤ አውቶቡስ ላይ እንኳ ሴቶችን በሳምንት እቆጥራለሁ።

ነገ እነግራታለሁ።

ማክሰኞ፣ 2

ነገ።

ሐሙስ፣ 4

ደብዳቤ። ነገ በአራት ሰዓት ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት እንድቀርብ። «የሥራ ምስጢር አያያዝን በሚመለከት።»

ዓርብ፣ 5

ከቢሮ ወጥቼ መናፈሻ ውስጥ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ሰዓቱ ገና ስድስት ነው፤ የትም መሄጃ የለኝም።

ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ዶክተሩ መሐል። አንድ ወረቀት አነበበ። «ይህችን ካርድ አሥራ አንድ ጊዜ ከፍተሻታል። ለናሙና አልወጣችም። አሥራ አንድ ጊዜ! ምን ፈለግሽ?»

የተዘጋጀሁበትን ንግግር ሁሉ ረሳሁት። ስለ ሪፖርቱ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ስለዚህ አልተዘጋጀሁም።

«ጥፋት ነው» አልኩ። «ስሟ የለበትም፣ ግን የልደት ቀኗንና የመጣችበትን ቀን ስለማውቅ አወቅኋት። መክፈት አልነበረብኝም። እቀጣለሁ።»

ዶክተሩ ወደ ሁለቱ ዞረ። «አያችሁ? እንዲህ ያለች ልጅ ሕግ ጻፈች፣ ሕግ ሰረዘች ብለን ውጤት ልንቀይር ነው። ስህተት የምትሠራ ልጅ ናት።»

ያኔ ነው የፈላሁት።

«አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ዶክተር። ሕጉ ስህተት አለው ብዬ ስመጣ ‹የለውም› አሉኝ። ዛሬ ‹ስህተት ትሠራለች› ይላሉ። ከተሳሳትኩ ሪፖርቱን ይመልሱት፤ በእኔ ስህተት ላይ ነው የቆመው። ካልተሳሳትኩ ሥራዬን ይመልሱልኝ። ስህተቱ የእኔ፣ ውጤቱ የእርስዎ የሚሆነው በምን ሂሳብ ነው?»

አንዷ የኮሚቴ አባል ብዕሯን አስቀመጠች። ዶክተሩ «ረጋ በይ» አለ።

እስከሚወሰን ድረስ ታገድኩ። ኮምፒውተሬን እዚያው ወሰዱት። አቶ ይሁን ቦርሳዬን ይዞልኝ እስከ በሩ መጣ፤ «ይሁን» እንኳ አላለም።

አሁን እዚህ አንድ ነገር ልጻፍ፣ ማንም ስለማያየው። ካርዱን በመጀመሪያ የከፈትኩት «ከወረፋው ነው» የሚል እንዳገኝ ነው። የመጀመሪያ እርግዝና፣ አሥራ አንድ ሳምንት። ቢጫ ክኒን፣ ስድስት ቅጠል። ረቡዕ፣ አሥራ ዘጠኝ። ተገላገለች። ከዚያ በኋላ አሥር ጊዜ የከፈትኩት ግን አዲስ መስመር ተጨምሮ እንደሆነ ለማየት ነው። ክትትል ጀምራ እንደሆነ። አልተጨመረም። ካርዷ ዝም ሲል እኔም ዝም አልኩ። ካርድ እስኪናገር የምጠብቅ ሰው ሆኛለሁ፤ የካርዱ ባለቤት ከጎኔ ተኝታ።

ቅዳሜ፣ 6

ነገርኳት። ወረቀት እያረመች ነበር፣ ቀይ ብዕሯን እንደያዘች ሰማችኝ። ሁሉንም። ክኒኑን፣ ቃሉን፣ መታገዴን፣ ካርዱን።

«የእኔን ካርድ?»

«አዎ።»

«ስንት ጊዜ?»

«አሥራ አንድ።»

«አንድ ጊዜ ብትጠይቂኝ አሥራ አንድ ጊዜ ባልደከምሽ።»

ጮክ ብላ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ ቁጣ አውቃለሁ፤ ቁጣ ውስጥ ነው ያደግኩት። እሷ ግን የተማሪ ወረቀት ላይ እንደምትጽፈው፣ ቀስ ብላ ነበር የምትናገረው።

«ያን ዕለት ነግሬሽ ነበር» አለች። «ሲስተር የጻፉትን ቃል በአፌ ነገርኩሽ። ሌላ ቃል አልነበረኝም። አንቺ ጫማ ገዛሽልኝ።»

«ወረፋው መስሎኝ ነው፣ እትዬ።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው ዝም ያልኩት። ደስ ብሎሽ ነበር።»

ከዚያ ጠየቅኋት። ስንት ሺህ ካርድ ጠይቄ፣ ሰው ስጠይቅ የመጀመሪያዬ ነው። «አሁን ስንት ሳምንትሽ ነው?»

«ካርዴ ላይ አላገኘሽውም?»

«አልተጻፈም።»

«አልሄድኩማ! ባለፈው ሄጄ ምን አተረፍኩ?» እጇ ሆዷ ላይ አረፈ። «ዘጠኝ መሰለኝ። ወይም አሥር። ለባሌም አልነገርኩት። ይቺን ሦስት ወር ላሳልፍ ብዬ።» ዞር ብላ የክኒኑን ቅጠል አየችው። «ይኸን ነገር ስትቆጥሪብኝ ነበር፣ አይደል? ስንት እንደቀረ?»

«ስንት እንደቀረ።»

«ውጪልኝ።»

ወጣሁ።

ሰኞ፣ 8

እትዬ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄደች። «ልሸኝሽ?» ስላት ነጠላዋን ለብሳ ብቻዋን ወጣች። ከሰዓት ስትመለስ ጠረጴዛው ላይ አንድ ብጣሽ ወረቀት አስቀመጠች፤ ለእኔ ነው፤ አጠገቧ ቆሜ እያለሁ በጽሑፍ ታናግረኛለች። «ሐኪሙ ክኒኑን ቀይሮታል። ልብ ይመታል። እንዳታናግሪኝ።»

ልብ ይመታል። አሥራ አንድ ጊዜ አነበብኩት ብል በራሴ ላይ ማፌዝ ይሆናል፣ ግን ከዚያ ይበልጣል።

ዓርብ፣ 12

ሲስተር ደወሉ። ስልክ ቁጥሬን ከእትዬ ተቀብለው ነው። ሳይተነፍሱ፦

«ቢሮሽ ያሉት ሰዎች ‹የአንዲት ነርስ ወሬ› አሉ አሉ። ጥሩ። ወሬውን ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ማኅተም አድርጌ ለቦርዱ ልኬላቸዋለሁ። ቃሉን ሠላሳ ዓመት የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ትርጉሙን ከእኔ ሌላ ማንን ይጠይቃሉ?»

«ያስቀጡዎታል፣ ሲስተር። ካርድ ላይ በኮድ ጽፈዋል ብለው …»

«ጡረታዬ አራት ወር ቀረው። መቅጣት ከፈለጉ ይሮጡ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንቺ ግን ሰው ካርድ ውስጥ ገብተሽ መቀመጥሽ ነውር ነው። ልጄ ብትሆኚ በጥፊ እልሽ ነበር።»

«እሺ፣ ሲስተር።»

ሐሙስ፣ 18

አቶ ይሁን ከቦርዱ ስብሰባ ወጥቶ፣ ከመንገድ ላይ ደወለ። ጩኸቱ መሐል አንድ ጆሮዬን ይዤ ሰማሁት። ደብዳቤውን አንብበውታል። ሰብሳቢው ዶክተሩን ትቶ ወደ እሱ ዞሮ «አንተ አብረህ ሠርተሃል፣ ሕጉ ትክክል ነው ብለን እንቀጥል?» ብሎታል።

«ምን አልክ?»

«ዝም አልኩ።»

«ዝም?»

«ቆይ እንጂ! ለእኔ ቀላል መሰለሽ? ሙሉ ደቂቃ ዝም አልኩ። ዶክተሩ አፈጠጠብኝ። ዝም። ከዚያ ‹በሃያ ስድስት ሳምንት ሁለቴ የወለዱትን ሴቶች ዝርዝር ይዣለሁ› አልኩ።»

ውሳኔው ለሁለት ወር ቆሟል። እስከዚያ ድረስ ቢጫው ክኒን ነፍሰ ጡር ለሆነችም፣ ልትሆን ለምትችልም ሴት በአዲስ እንዳይጀመር፣ የጀመሩትም ሐኪም ሳያዩ እንዳያቋርጡ ለጣቢያዎቹ ይጻፋል። የእኔ እገዳ ግን እንዳለ ነው። ሕጉን የሚያስተካክለው ዶክተሩ የመረጠው ሌላ ሰው ነው። ሰውየው ‹ተገላገለች›ን ምን እንደሚለው እግዜር ይወቅ። ስሜ ከመጨረሻው ገጽም ወጥቷል ይላል አቶ ይሁን።

ይውጣ። አልለምናቸውም። ስለ ካርዱ የሚገባኝን ቅጣት እቀበላለሁ፤ ስለ ሪፖርቱ አንድ ቃል ይቅርታ አልልም። ነገ አቤቱታዬን አስገባለሁ፣ አምስት ገጽ ነው። እጄ እስኪዝል ጻፍኩት።

ሰኞ፣ 22

ካርድ ላይ የተጻፈ ነገር የሚታረመው በባለቤቷ ጥያቄ ብቻ ነው። ቢሮ አይችልም፣ ዶክተር አይችልም፣ እኔም አልችልም። ሲስተር የማረሚያ ቅጹን አባዝተው፣ የታረመው ወደ ቤት በሚሄደው ካርድ ላይ እንደማይወጣ ነግረው፣ ለሚመጡት ሴቶች በየተራ እያሳዩ ነው። ፈቃደኛ ያልሆነችውን አይነኳትም። እስከ ዛሬ ስድስት ሞልተዋል።

እትዬ ሰባተኛውን ወደ ቤት ይዛው መጣች። ከሁለት ሳምንት በኋላ መጀመሪያ ያለችኝ ቃል «ብዕር» ነው። ቀይ አይሆንም ይላል ቅጹ። ሰማያዊ ሰጠኋት።

ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠች። ስሟን ጻፈች፣ የካርድ ቁጥሯን ጻፈች። «ቀድሞ የተመዘገበው ቃል» በሚለው ሥር «ተገላገለች» ብላ ጻፈች። ከዚያ ቆመች። ብዕሩን በጥርሷ ያዘችው፣ ተማሪዎቿን የምትቆጣበትን ነገር።

«ቀኑ ስንት ነበር?»

«ረቡዕ፣ አሥራ ዘጠኝ» አልኩ።

ሳላስብ ነው የወጣኝ። እሷ ቀኑን ረስታዋለች፤ እኔ በቃሌ ይዤዋለሁ። ቀና ብላ አየችኝ። ረጅም ጊዜ። ፊቴን የት እንደማደርገው አጣሁ። ይቅርታ እንዳልል፣ ይቅርታ ቀኑን አያስረሳኝም።

ወረቀቱን ወደ እኔ አዙራ ብዕሩን አቀበለችኝ። «እንግዲህ እሱን አንቺ ጻፊው።»

ቀኑን ጻፍኩ። ወረቀቱን መልሳ ሳበችው፣ በግራ ክንዷ ጋረደችና የቀረውን፣ ቃሉ የሚታረምበትን መስመር፣ ራሷ ጨረሰችው።